ባትሪውን ማን በላው? ከመጠርጠርህ በፊት… ለካ!

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ጓደኝነት ነው። ዛሬ ግን ጎራ የምንለው ወደ ጋራዥ ነው። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» አትበሉኝ። የፍቅረኛ ኩርፊያ በአንድ ማኪያቶ ይበርድ ይሆናል፤ በመኪና የተጣላ ዘመድ ግን ሽማግሌም አያስታርቀው። ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤም ስለ ባትሪ የሚያወራ ይምሰል እንጂ ውስጡ የዘመድ ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው። ትውልዱ ደቡብ ወሎ፣ ጃማ ወረዳ፣ ደጎሎ ከተማ ነው። ዕቁብ ጥሎ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ፣ የቀረውን ተበድሮ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ይገዛና እዚያው ደጎሎ ለሚኖረው የአክስቱ ልጅ ይሰጠዋል። ልጁ ከደጎሎ ወረኢሉ እየተመላለሰ ሰው ይጭናል፤ ገቢውን በየሳምንቱ ይልካል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ቀሪውን ከራሱ አንደበት ስሙት፦

«መጀመሪያ ባትሪው ሞተ አለኝ። እሺ ብዬ አዲስ ገዝቼ ላክሁለት። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ‹ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለኝ ተሳፋሪ ነው የሚገፋልኝ› ብሎ ደወለ። መካኒኩ ‹ባትሪው ነው፣ ሌላ ግዙ› ብሏል። ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ‹አንተ ሞኝ ነህ እንዴ? አዲሱን ሸጦ አሮጌ ገጥሞበት ነው!› አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ወላጆቼ ሲሞቱ ያሳደገችኝ የልጁ እናት ናት። መኪናዬን ልንጠቀው ወይስ ሦስተኛ ባትሪ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርግ። አንተ የያዝከው ሁለት ተጠርጣሪ ብቻ ነው፤ ወይ ልጁ ሌባ ነው፣ ወይ ባትሪው ቀሽም ነው። ሦስተኛውን ተጠርጣሪ ግን አልጠራኸውም። እሱም ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ የሚሽከረከረው ዲናሞ ከነገመዱና ከነቺንጋው ነው።

በድሮ ዘመን «ሌባ ሻይ» የሚባል ነገር ነበር። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ከአንዱ ሰው ደጅ ሲወድቅ ባለቤቱ ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ዛሬ ያ ነገር ቀርቷል ብንልም በየጋራዡ ግን አለ። መኪና አልነሳ ሲል የሁሉም ጣት ሄዶ የሚያርፈው ባትሪው ላይ ነው። ባትሪው ይቀየራል፣ መኪናው ይነሳል፣ ሁሉም ይደሰታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ነገር ይመጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ ባትሪ እንደ ድሮው እንደ ቀላል የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባት ውድ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። እንግዲህ በእጃችን ያለችውን አሮጌ መኪና ተንከባክበን ከማቆየት በስተቀር ምን ምርጫ አለን? በግምት ባትሪ የምንቀያይርበት ዘመን አልፏል።

ጎተራውና ገበሬው

ጃማ የደጋ አገር ነው፤ ስንዴና ጤፍ የሚያበቅል ጥቁር አፈር አለው። ስለዚህ ነገሩን በገበሬ ምሳሌ ላስረዳህ። ባትሪ ጎተራ ነው፤ ዲናሞ ገበሬ ነው። ጠዋት ቁልፍ ስታዞር ሞተሪኖው ከጎተራው አንድ ትልቅ ስፍር ይወስዳል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን የሚያበላው ዲናሞው ነው፤ መብራቱን፣ ዝናብ መጥረጊያውን፣ ቴፑን ሁሉ ይመግብና የተረፈውን ወደ ጎተራው ይመልሳል። ጎተራው ባዶ በሆነ ቁጥር አዲስ ጎተራ የሚሠራ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? ባትሪ ብቻ የሚቀያይር ሰው ግን እሱኑ ነው የሚያደርገው።

ዲናሞው የሚሠራውም እንዲህ ነው። ቺንጋው ከሞተሩ ዞሮ ዲናሞውን ያሽከረክረዋል። ካርቦኖቹ መሐል ላለው ተሽከርካሪ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያቀብሉታል፤ እሱም ማግኔት ይሆናል። በዙሪያው የተጠመጠመው ሽቦ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ያደርጉታል፤ ሬጉሌተሩ ደግሞ ቮልቱ እንዳያንስም እንዳይበዛም ይቆጣጠራል። ከእነዚህ አንዱ ቢያነክስ ጎተራው አይሞላም። የደጎሎ መንገድ ደግሞ ለዚህ አይመችም። በበጋ አቧራው፣ በክረምት የጥቁር አፈሩ ጭቃ ዲናሞው ውስጥ ይገባል፤ ቺንጋውን ያንሸራትታል፤ የገመዱን ጫፍ ያዝገዋል። በዚያ ላይ የደጋው የሌሊት ብርድ አለ። ባትሪ ሲበርደው አቅሙ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ከመነሳቱ በፊት የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣሉ። ቀን ቀን ሙሉ ያልጠገበ ባትሪ ጉዱ የሚወጣው ጠዋት ነው።

አምስቱ ልኬቶች

አንድ ወዳጄ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነው። ደብዳቤውን ሳነብለት ሳቀና «ቴስተር የለም እንዴ እዚያ?» አለኝ። ቴስተር ማለት ሁለት ገመድ ያላት፣ ቮልት የምትለካው ትንሿ መሣሪያ ናት። ዋጋዋ ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከእሱ ጋር ሆነን የጻፍነው ይኸውና። ቁጥሮቹ ለ12 ቮልት መኪና ናቸው።

1ኛ. ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ። ቀዩን ገመድ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በነጌቲቭ ላይ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ፣ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። 12.0 ከሆነ ሩብ ቢተርፈው ነው። ከ11.8 በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት።

2ኛ. ቁልፍ ሲዞር። አንዱ ሰው ሞተር ሲያስነሳ ሌላው ቴስተሩን ይይ። ቮልቱ መውረዱ አይቀርም፤ ግን ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሙሉ የነበረ ባትሪ ከዚያ በታች ከዘቀጠ ያን ጊዜ ባትሪውን ጠርጥሩት። ጎዶሎ የነበረ ባትሪ ከዘቀጠ ግን አትፍረዱበት፤ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና ይለካ።

3ኛ. ሞተር ተነስቶ። ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 12.5 ወይም 12.8 የሚል ከሆነ ባትሪው ምንም እየተመገበ አይደለም። ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ሬጉሌተሩ አብዷል፤ የባትሪውን ውሃ ያፈላዋል፣ አምፖል ያቃጥላል። ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ ካላችሁ ይሄን አስቡ።

4ኛ. ጭነት ሲበዛ። ረጅም መብራት፣ ማራገቢያ፣ ዝናብ መጥረጊያ አብሩና ነዳጅ ትንሽ ረገጥ አድርጉ። ቮልቱ ከ13.5 በላይ መቆየት አለበት። መብራት ሲበራ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቺንጋው ላልቷል ወይም አልቋል።

5ኛ. ከዲናሞው ጀርባ። ብዙ መካኒክ የሚዘላት ይህቺን ነው። ሞተር እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ ከዲናሞው ወፍራም ገመድ በሚወጣበት ብሎን ላይ ለኩ፤ ከዚያ ባትሪው ላይ ለኩ። የሁለቱ ልዩነት ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። በማሳው በኩልም እንዲሁ፤ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ገበሬው አምርቷል፣ ምርቱ ግን መንገድ ላይ ፈስሷል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው ሌሊት ብቻ የሚያልቅ ከሆነስ? ያኔ የሌሊት ጠጪ አለ። መኪናው ተዘግቶ፣ ቁልፍ ወጥቶ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታችሁ ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው መሐል አግቡት። እንዲህ እንዳለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከ0.05 አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀላችሁ ፈልጉት። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኋላ የተገጠመ ቴፕ ወይም በጥድፊያ የተጠመጠመ የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው። ዳዮዱ የተበላሸ ዲናሞ ራሱ ሌሊቱን ሲጠጣ ሊያድር ይችላል።

አደራ፣ ስትለኩ ነጠላና ሰፊ እጅጌ ከቺንጋው ይራቅ። ባትሪ አጠገብ ሲጋራም ክብሪትም አይጫር፤ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያመነጨው ጋዝ ይፈነዳል።

አንድ ሌላ መጥፎ ልማድም አለ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ «አልጠፋም፣ እንግዲህ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘላል፤ ዳዮዶቹን፣ ሬጉሌተሩን፣ በዘመናዊ መኪና ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ደህናውን ዲናሞ ገድሎ «አላልኳችሁም?» ይላችኋል።

መልሱ ከደጎሎ

ይሄን ሁሉ በስልክ ለጠያቂያችን ነገርኩት። መጀመሪያ ያስደረግኩት ግን ሌላ ነገር ነው። «ባትሪውን ስትገዛ የተሰጠህ የዋስትና ወረቀት አለ?» አልኩት። አለ። «እንግዲያው ለልጁ ደውል። ሌባ እንዳትለው። ‹ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ዋስትናውን ልጠይቅበት ነው› በለው» አልኩት። በማግስቱ ፎቶው መጣ። ቁጥሩ አንድ ነው። ያው እሱ የገዛው ባትሪ እንደተገጠመ ነው!

ልጁ ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ቴስተር ተውሶ ለካ። ጠዋት 12.1። ሲነሳ 9.2። ሞተሩ እየሠራ 12.7፤ መብራት ሲበራ 12.3። «እንግዲያው ዲናሞው ነው፣ ይፈታ!» ተባለ። ወዳጄ ኤሌክትሪሽያኑ ግን በስልክ «ቆይ! አምስተኛዋን ሳትለኩ ብሎን እንዳትነኩ» አለ። ከዲናሞው ጀርባ ሲለካ 14.2 ቮልት። ዲናሞው ደህና ነው! ከዲናሞው ተነስቶ ባትሪው ጋ ሲደርስ ወደ 2 ቮልት ገደማ ጠፍቷል።

ገመዱን እየዳሰሱ ሲከተሉት ከዚህ በፊት የነበረ ባለቤት በጥቁር ፕላስተር የጠቀለላት አንዲት ቅጥያ ተገኘች። ፕላስተሩ ሲፈታ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ብቻ ነው። በወፍራም አዲስ ካቦ ተቀየረ፤ የባትሪው ማሰሪያ ተፋቀ፤ ማሳው ተጠበቀ። ሞተር ተነሳ፤ 14.1 ቮልት። ባትሪውም ቀስ ተብሎ ቻርጅ ተደረገና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የመጀመሪያው ባትሪስ? እሱማ በቁራሌ ዋጋ ሄዷል። ሳይጠግብ ብዙ ወር የቆየ ባትሪ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች በጠጣር ሰልፌት ይሸፈናሉ፤ ያን ጊዜ ቻርጅ አይቀበልም። በረሃብ የሞተ ባትሪ ነበር ማለት ነው። ሳይለኩ የገዙ ሰዎች መጨረሻ ላይ የሚሏት ቃል አንድ ናት፦ «ለካስ ገመዱ ኖሯል!»

ነገሩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ ወደ ደጎሎ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ የጀማን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ ዓለም ከተማን አልፎ ደግሞ ወንጪትን ወርዶ መውጣት አለ። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ማታ ዲናሞ ሥራ ቢያቆም ናፍጣ ሞተር ምናልባት መሄዱን ይቀጥላል፤ መብራቱ ግን እየደበዘዘ እየደበዘዘ ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምስል ያላት ቀይ መብራት እየነዳችሁ ከበራች «እስከ ቤት ታደርሰኛለች» አትበሉ። ቁልፍ ስትከፍቱ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ ይህቺው መብራት መብራት አለባት። ያኔ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ ያለ እሷ ዲናሞው ራሱ ሥራ ላይጀምር ይችላል።

እናንተስ ምን ትነዳላችሁ?

የአይሱዙ ጭነት መኪና ያላችሁ፣ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት ከሆነ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት፤ ሞተር እየሠራ ከ27.6 እስከ 29 ገደማ ማለት ነው። ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻም ለኩ። ለቴፕ ብላችሁ 12 ቮልት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ከሳባችሁ አንዱ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ይጠግባል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ግጠሙ። ስትቀይሩም ሁለቱን ባንድ ላይ ቀይሩ።

ባለ ባጃጆች ቺንጋ ፍለጋ አትድከሙ። የእናንተ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ማግኔት ነው፤ ሬጉሌተሩን፣ ሶኬቱንና ማሳውን እዩ።

መኪናቸው አዲስ የሆነ ደግሞ አትደንግጡ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ቮልቱን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ስለሆነ አንዴ 12.8፣ አንዴ 14.8 ሊል ይችላል። በአንድ ልኬት አትፍረዱ፤ መብራት አብርታችሁ ደጋግሙ።

«እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ፣ ዲናሞ ምን አገባኝ?» የምትለዋ እህቴም አለች። እውነትሽን ነው፣ ዲናሞ የለሽም። ግን አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ለበር፣ ለመብራትና ለኮምፒውተሩ የሚሆን ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም። እሷን ለኪ፤ ብርቱካናማዎቹን ወፋፍራም ገመዶች ግን በፍጹም እንዳትነኪ፤ የሚገድል ኃይል ነው የሚያልፍባቸው።

ለባለንብረትና ለሾፌር

መኪና ለዘመድ የሰጣችሁ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ልክ ነው። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ ካልተከተለው ዘመድ ይጨርሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ልምከር። ባትሪ ስትገዙ ቁጥሩንና የተገዛበትን ቀን ከደረሰኙ ጋር ፎቶ አንስታችሁ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ይቀመጥ። ቴስተር ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አኑሩ። በየሳምንቱ ገቢ ሲላክ ሁለት ቁጥር አብሮ ይላክ፤ ጠዋት ሳይነሳ ስንት እንዳለና ተነስቶ ስንት እንዳለ። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ባትሪው ከመሞቱ በፊት ታውቃላችሁ፤ ሾፌሩም «አልሰረቅሁም» እያለ መማል አያስፈልገውም።

አንተም ጠያቂያችን፣ ልጁ መጠርጠሩን እንዳላወቀ ነግረኸኛል። እግዜር አተረፈህ። ለአክስትህ ደውልላት፤ ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ ጤናዋ ጠይቃት። ያንን ወዳጅህን ደግሞ ሁለተኛ ምክር ሲሰጥህ «ለክተኸዋል?» በለው።

የመኪናችሁ ጉዳይ ዘመድ ሊያጣላ የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም። የልኬት ቁጥሮቹን ግን አትርሱ! ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።